በረዶ የሚመልሰው ማሽን

(ቋ… ቋ… ቋ። በተዘጋው የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ ብረት ይመታል፤ በሩ ሲገፋ፣ ከውጭ አገር በዕርዳታ ከመጣች ትንሽ የአትክልት ትራክተር አጠገብ ወጣቱ መካኒክ እንዳላማው መዶሻ እንደያዘ፣ ሠላሳ ዓመት የመንደሩን ገብስ ከበረዶ ሲጠብቁ የኖሩት የቀድሞ መምህሩ የኔታ ልሳነወርቅ ደግሞ ደፉ ላይ እንደቆሙ ይታያሉ።)

የኔታ፦ አቁም አልሁህ! መዶሻውን አስቀምጠው።

እንዳላማው፦ ሥራ ላይ ነኝ የኔታ። ብሎኑ አልገባ ብሎኝ ነው።

የኔታ፦ የቱ ብሎን?

እንዳላማው፦ ይኼን የበረዶ ማሽን ከትራክተሯ አፍንጫ ጋር የሚያያይዘው ነዋ።

የኔታ፦ እሱማ ኪስህ ውስጥ ነው። በተንቀሳቀስህ ቁጥር ሲንቃጨል ይሰማኛል። የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

እንዳላማው፦ ይኼ… ትርፍ ነው።

የኔታ፦ ሦስት ቀን ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰማሁህ። ብሎን የሚያስገባ ሰው መታ ያደርጋል፣ ያቆማል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ይሳደባል። አንተ ግን እንደ ሰንበት ደወል እኩል እኩል ነው የምትመታው። ባዶ ብረት ነው የምትቀጠቅጠው አንተ ልጅ!

እንዳላማው፦ ምን ብዬ ባዶ ብረት እቀጠቅጣለሁ?

የኔታ፦ ሰው እንዲሰማህ። «እንዳላማው እየሠራ ነው» እንዲባል። እኔን ነው የምትደብቀኝ? እዚያ ጉብታ ላይ ቆሜ ሠላሳ ዓመት «በረዶ ተመለስ» እያልሁ የጮህሁትን ሰውዬ?

እንዳላማው፦ በሩን ይዝጉት፣ የኔታ።

የኔታ፦ ዘጋሁት። በል ተናገር።

እንዳላማው፦ መጀመሪያ ይንገሩኝ። ደመናው እንዴት ነው?

የኔታ፦ በጉና ተራራ በኩል ጠቁሯል። ሆዱ ነጭ ነው።

እንዳላማው፦ ነጭ ከሆነ በረዶ ይዟል…

የኔታ፦ ምን ማለት እንደሆነማ አሳምረህ ታውቃለህ። ፊደል ሳስቆጥርህ በመስኮት እያየህ ስንት ጊዜ ተቆንጥጠሃል!

እንዳላማው፦ እንግዲያው እግርዎ ላይ ልውደቅ። ዛሬን ብቻ ይውጡ። እንደ ድሮው ጉብታው ላይ ይቁሙልን።

የኔታ፦ እኔ? ጡረታ አውጥታችሁኝ የለም እንዴ! ሊቀመንበሩ አቶ ደመላሽ «ከእንግዲህ ማሽን አለን፣ የኔታ ይረፉ» ሲሉ አጠገባቸው ቆመህ አልነበር? አዲስ ጃኬት ለብሰህ?

እንዳላማው፦ የተዋስኩት ነው።

የኔታ፦ ያምርብህ ነበር። እኔም እኮ አጨበጨብሁ፤ በዚህች በደህናዋ እጄ ጉልበቴን እየመታሁ።

እንዳላማው፦ የኔታ፣ ማሽኑ በረዶ አይመልስም።

የኔታ፦ ምን አልህ?

እንዳላማው፦ ሰሙኝ? አይመልስም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቃል ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። መዝገበ ቃላት ገልጬ አየሁ፤ «በረዶ» ይላል። ከመድረክ ላይ ሆኜ «የበረዶ ማሽን ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ እልል አለ። እኔም አብሬ አመንኩ።

የኔታ፦ ታዲያ በረዶ ካለ በረዶ ነዋ!

እንዳላማው፦ እኛ አንድ ቃል ነው ያለን። የእነሱ በረዶ ሌላ ነው። እንደ ዱቄት ነው የሚወርደው፤ ምንም ነገር አይመታም። ወርዶ መሬቱ ላይ ወራት ይቆያል፣ መንገድ ይዘጋል። ይኼ ጠመዝማዛ ስለት የተኛውን ይዝቃል፣ በዚህ ረጅም አንገት ደግሞ ወደ ጎን ይተፋዋል። በቃ። አካፋ ነው፤ ሞተር ያለው አካፋ።

የኔታ፦ ከወረደ በኋላ?

እንዳላማው፦ ከወረደ በኋላ።

የኔታ፦ እና ወዴት ነው የሚተፋው? የአቶ ደመላሽ ማሳ ላይ?

እንዳላማው፦ አይሳቁ፣ እባክዎ!

የኔታ፦ አልሳቅሁም። እንዴት ደረስህበት?

እንዳላማው፦ ከማሽኑ ጋር የመጣው ደብተር ውስጥ ሥዕል አለ። ካፖርት የለበሰ ሰውዬ እየነዳው፣ መሬቱ ነጭ፣ ቤቱ ነጭ። መጀመሪያ ያየሁት ሰውዬውን ብቻ ነበር፤ እንዴት ያለ አገር ይሆን፣ ምን ዓይነት ዝምታ ይኖር ይሆን እያልኩ ስመኝ። ሰኞ ማታ ግን ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። ጥርት ያለ ነው። ደመና የለም። አንዲትም!

የኔታ፦ ሰኞ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

እንዳላማው፦ አዎ።

የኔታ፦ ገብሱ ከደረሰ ሳምንት አለፈው። ሰው ማጭዱን አስቀምጦ ለቅዳሜ ደቦ ጠላ ይጠምቃል፤ «ማሽኑ ስላለ ደህና አድርጎ ይድረቅ» እያለ። ሰኞ ብትናገር ኖሮ ማክሰኞ ይታጨድ ነበር፣ ረቡዕ ይከመር ነበር።

እንዳላማው፦ አውቃለሁ።

የኔታ፦ የእናትህም ገብስ እዚያው ነው።

እንዳላማው፦ አውቃለሁ አልኩ እኮ! ጠዋት ጠዋት እነግራቸዋለሁ ብዬ እነሣለሁ። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ቆቡን ያነሣልኛል። አለቃ አያሌው፣ እኔን «ይኼ ቅዠታም» ሲሉኝ የኖሩት ሰውዬ፣ ትናንት «ኢንጂነር» አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ገባሁና መዶሻዬን አነሣሁ።

የኔታ፦ ገባኝ።

እንዳላማው፦ አይቆጡኝም?

የኔታ፦ ምን አፍ አለኝ? እኔስ መልሼው አውቃለሁ እንዴ?

እንዳላማው፦ ምን አሉ?

የኔታ፦ በረዶ። አንድ ቀን መልሼ አላውቅም። ነፋሱን አያለሁ፤ ወደ ታች አገር የሚገፋው ከሆነ ወጥቼ እጮሃለሁ። ይሄዳል። «የኔታ መለሱት» ይባላል። ወደ እኛ የሚመጣ ከመሰለኝ ደግሞ ወገቤን ያመኛል።

እንዳላማው፦ ሠላሳ ዓመት?!

የኔታ፦ መጀመሪያ ሰሞን እኔም አምን ነበር። እንዳንተው። ካመንሁ በኋላ ደግሞ እንዴት አድርጌ ልውረድ?

እንዳላማው፦ የዛሬ ሦስት ዓመቱ በረዶስ?

የኔታ፦ ነፋሱ ሐሳቡን ቀየረ።

እንዳላማው፦ እጅዎ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው። ከጉብታው ወድቀው ነው ይላሉ።

የኔታ፦ እኔ ነኝ እንዲያ ያልሁት። ሲነጋ አብሬያቸው የማስቀድስ ሰዎች ናቸው፤ ምን ልበል? ሰባት ሆነው መጡ። አንዱ ያዘኝ፣ ሌላው መታኝ።

እንዳላማው፦ ማን ነው የያዘዎት?

የኔታ፦ ተወው።

እንዳላማው፦ ማን ነው፣ የኔታ?

የኔታ፦ አባትህ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እየያዘኝ ያለቅስ ነበር፤ እንባው አንገቴ ላይ ሲወርድ ይታወቀኛል። ገብሱ ተደብድቦ መሬት ተኝቷል፣ ደመናው አልፎ ሄዷል። በእጁ የቀረሁት እኔ ነኝ።

እንዳላማው፦ እኔ… ያን ቀን ወደ ቤት ሲገባ እጁን አስታጠብኩት።

የኔታ፦ አታውቅም ነበር።

እንዳላማው፦ ቆይ! ሰሙ? ቆርቆሮው ላይ።

የኔታ፦ ዝናብ ይሆናል።

እንዳላማው፦ ዝናብ አይደለም።

የኔታ፦ አዎ፣ አይደለም። ሽንብራ ያህላል ገና።

እንዳላማው፦ ሊያልፍ ይችላል። ነፋሱ ሊቀይረው ይችላል አይደል? ይችላል ይበሉኝ እንጂ!

የኔታ፦ ነፋስ የለም ልጄ። እንደቆመ ነው የሚያራግፈው።

እንዳላማው፦ ባቄላ አከለ። ይስሙ፣ ባቄላ አከለ! ልጮህ ነው፣ የኔታ…

የኔታ፦ ለእሱ እኔ አለሁ። ድምፅህን ቀንስና አድምጥ፤ ሰው እየመጣ ነው።

እንዳላማው፦ የአቶ ደመላሽ ድምፅ ነው። «ማሽኑን አውጣው» ነው የሚሉት?

የኔታ፦ እስካሁን እንደዚያ ነው የሚሉት። በጓሮ በር አለ?

እንዳላማው፦ አለ። ከከረጢቱ ኋላ።

የኔታ፦ ዳገቱን ስትጨርስ አስፋልቱን ታገኛለህ። የጭነት መኪና አይጠፋም። ለእናትህ እኔ እነግራታለሁ።

እንዳላማው፦ አልሸሽም። እወጣና እውነቱን እነግራቸዋለሁ።

የኔታ፦ አሁን? ከወረደ በኋላ?

እንዳላማው፦ ሰኞ መናገር ነበረብኝ።

የኔታ፦ አታልቅስ። አባትህን እንዳትመስልብኝ። ይልቅ ና ጥምጣሜን አጥብቅልኝ፤ በአንድ እጅ አይሆንልኝም።

እንዳላማው፦ እንዲህ ነው?

የኔታ፦ አይደለም። ወደ ኋላ ሳብ… እንደሱ። ኧረ ቀስ፣ አነቅኸኝ! እነሱ መች አነሱኝ!

እንዳላማው፦ የሉበትም እኮ እርስዎ። በስብሰባ አሰናብተውዎታል። ምን ብለው ይጠይቁዎታል?

የኔታ፦ በረዶ መላሽ ተቀይሞ በረዶ ቢያመጣ ይገርማል? አቶ ደመላሽን አላውቃቸውም? ለራሳቸው የሚመች ነገር ሲያገኙ ቶሎ ያምናሉ።

እንዳላማው፦ ይኼ ምን ማለት ነው?

የኔታ፦ የበርህ መወርወሪያ በየት በኩል ነው?

እንዳላማው፦ የየትኛው? የጓሮው ወዲህ ነው፣ ይምጡ ልምራዎት… የኔታ? ኧረ የኔታ! እሱን አይክፈቱት፣ ሰዉ ያለው በዚያ ነው!