ሕግና ቲያትር አንድ ላይ

በከተማው ሐዲድ ላይ የሚሄደው ስትሪትካር ሪጀንት ፓርክ የተባለውን ሰፈር ሲያልፍ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው መጽሐፍ ታቅፋ የተቀመጠችውን ወጣት አነጋገሯት።

«ይሄ ሁሉ መጽሐፍ የምንድነው ልጄ?»

«የዩኒቨርሲቲ ነው እማማ። ሕግና ቲያትር አንድ ላይ እማራለሁ፤ ደብል ዲግሪ ነው።»

«ሁለቱንም? አንዱ አይበቃም ነበር?»

«አባዬ ሕግ ተማሪ አለኝ፣ እኔ ደግሞ ቲያትር ፈለግኩ። ቲያትሩን ስጨምርበት አኩርፎኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ባለፈው ሳምንት ሾው ነበረኝ። ገና መድረክ ላይ ስወጣ ብድግ ብሎ ‹የኔ ልጅ ናት!› ብሎ ጮኸ።»

«እሰይ! አፈርሽ?»

«በጣም! የምለው ሁሉ ጠፋኝ። ግን ደስ አለኝ።»

«ፍርድ ቤት ለጥብቅና የቆምሽ ዕለትስ?»

«እዚያም መጮኹ አይቀርም፣ እማማ።»

«ይጩኻ! የወለደ አይደል?»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ የራሴ ልጅ የሆነች ያህል ኮርቼ፣ ሳይታወቀኝ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።