የቀትር መብራት

«ነገርኩሽ እኮ! ኤሲው ከምሽቱ አምስት ሰዓት በፊት አይከፈትም!» አሉ ሌስ።

«እንግዲያው ሙቀቱ እስኪያልፍ እህቴ ጋ ነኝ» አሉ ሜርል። «እሷ ቤት ሰው በቀንም ይተነፍሳል።»

የተዋስኩትን መሰላል ልመልስ ስገባ የጎረቤቶቼ ጠብ እዚህ ደርሶ ነበር። ከተማችን አደሌድ በዚያ ቀን እንደ ምድጃ ትነድዳለች። አርባ ዓመት ሥጋ የሸጡት ሽማግሌ ሌስ ፓስኮ በካናቴራ ተቀምጠው በጋዜጣ ይራገባሉ፤ ሚስታቸው ሜርል እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረዋል። የኤሌክትሪክ ኃይል በሚሸጥ ድርጅት የምትሠራው የሌስ የወንድም ልጅ ታምሲን መሃል ቆማለች።

«የሌሊት መብራት ርካሽ ነው» አሉ ሌስ። «አባቴም እንደዚሁ ነው የኖረው።»

«አባትዎ ልክ ነበሩ፣ አጎቴ። ያኔ የከሰሉ ማመንጫ ሌሊት አይጠፋም ነበር፤ ገዢው ግን ስለሚተኛ መብራቱ ይተርፋል። እስቲ አሁን በመስኮት ይዩ፤ ከፀሐይ መብራት የማያመርት ጣሪያ አለ?»

«የኔ።»

«ከእርስዎ በቀር። ድሮ ደንበኛው አምፖሉ ከበራለት ሌላ አይጠይቅም ነበር። ዛሬ አንዱ ያመነጫል፣ አንዱ በባትሪ ያስቀምጣል፣ አንዱ መኪናውን ይሞላል። ለሁሉም አንድ ዋጋ ይዞ የተቀመጠ ሻጭ ይከስራል። ስለዚህ እኛ መብራቱ በሚተርፍበት ሰዓት፣ ከረፋዱ አምስት እስከ ስምንት ሰዓት በነፃ እንሰጣለን።»

«በነፃ የሚሰጥ ነጋዴ ወይ ሌባ ነው ወይ አብዷል!»

«ቅዳሜ ሱቅ ሊዘጉ ሲሉ፣ ፍሪጁ ሞልቶ ሥጋ ሲተርፍ ምን ያደርጉ ነበር?»

ሌስ በጋዜጣው ቶሎ ቶሎ መራገብ ጀመሩ።

«ንገራት እንጂ!» አሉ ሜርል። «ቋሊማውን ለሰፈሩ ውሻ ሳይቀር ያድል ነበር። ለእኔ ዘመዶች ሲሆን ነው የማይተርፈው።»

«ሊበላሽ ነዋ! ሰኞ ግን ዋጋውን ወደ ድሮው እመልሳለሁ። እናንተም ማታ ልታስከፍሉኝ ነው!»

«እናስከፍላለን፣ አልዋሽዎትም። ማታ ውድ ነው። ግን ቀትር ላይ ቤቱን አቀዝቅዘው መጋረጃውን ከዘጉ፣ ልብሱንም ያኔ ካጠቡ ያተርፋሉ። ሌሊትም ይተኛሉ።»

ሌስ ሌሊት የሚያስነሱት ማጠቢያ ማሽን የእኔንም አልጋ ያንቀጠቅጥ ስለነበር፣ በዚህ ክርክር ገለልተኛ ነኝ ልል አልችልም። ቢሆንም ልማድ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ ልማዱን የወለደው ምክንያት ሲሞት አብሮ አለመቀበሩ ነው።

«እሺ፣ የት ነው የምፈርመው?» አሉ ሌስ በመጨረሻ።

«እዚህ። ውሉ ከነገ ይጀምራል።»

«ከነገ?» አሉ ሜርል። «እኔ የምሞተው ዛሬ ነው!»

ሌስ ሚስታቸውን አዩ። ከዚያ ተነስተው ኤሲውን ከፈቱት። «የዛሬውን በሙሉ ዋጋ እከፍላለሁ» አሉ፣ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው ፊታቸውን አጨማድደው።

ቤቱ ቀስ እያለ በረደ። ሜርል ለእህታቸው ደውለው እንደማይመጡ ነገሯት። ሌስ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ መቼ ነው ልብስ የምታጥበው?»

«ማታ፣ ከሥራ ስመለስ።»

«ማታ! በዚህ ዘመን! ቁጭ በል ላስተምርህ።»

ማሽኑ ቀትር ላይ ራሱ እንዲነሳ ማዘዝ እንደሚቻል፣ ከወጪም ከእንቅልፍ ማጣትም እንደሚያድን፣ ከሌላው የሚተርፈውን መብራት ሳይባክን መጠቀም ብልህነት እንደሆነ፣ ይህን ከሳቸው በፊት ያሰበ እንደሌለ ሁሉ ያብራሩልኝ ጀመር። ሜርል ወንበራቸው ላይ ያንኮራፋሉ። ታምሲን ባርኔጣዋን አድርጋ ወደ ፀሐዩ ወጣች።

«እየሰማኸኝ ነው?» አሉ ሌስ።