ድንኳን ለገዢዎቹ

የሰፈሩ እድር ዕቃ ቤት በር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፤ እትዬ ዘርፌ የእድሩ ንብረት ያዥ ናቸው፣ እንዳለማው ደግሞ ጎረቤታቸውና «ዘንባባ» የተባለው የቴሌቪዥን መገጣጠሚያ ድርጅት የመጋዘን ኃላፊ።

እትዬ ዘርፌ፦ እኔን ይድፋኝ! እናትህ ናቸው? ትናንት እኮ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አይቻቸዋለሁ!

እንዳለማው፦ ኧረ እትዬ፣ ማንም አልሞተም!

እትዬ ዘርፌ፦ ታዲያ ድንኳንና ወንበር ብለህ የላክብኝ ለምንድነው? ነጠላዬን አዘቅዝቄ ነው እኮ የወጣሁት።

እንዳለማው፦ ለድርጅታችን ነው። ነገ ገዢዎቹ ይመጣሉ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ጥለን፣ ወንበር ደርድረን ልንቀበላቸው ነው።

እትዬ ዘርፌ፦ ቴሌቪዥናችሁን የሚገዛ ተገኘ እንዳትለኝ።

እንዳለማው፦ ድርጅቱን ነው እንጂ! «ጮራ» ጠቅልሎ ሊገዛን ነው።

እትዬ ዘርፌ፦ ያ ስትረግሙት የከረማችሁት ጮራ? «የእነሱን ቴሌቪዥን ስትከፍት ዜና አንባቢው አረንጓዴ ነው» ስትል አልነበር?

እንዳለማው፦ አሁን አስተካክለውታል።

እትዬ ዘርፌ፦ መቼ? ሊገዙህ ሲመጡ?

እንዳለማው፦ ይሳቁብኝ ግዴለም። ሥራ አስኪያጃችን መስተንግዶውን ለእኔ ነው የሰጠኝ። «ነገ ካማረ ከአዲሶቹ ጋር ትቀጥላለህ» ብሎኛል።

እትዬ ዘርፌ፦ እሱስ ይቀጥላል?

እንዳለማው፦ እሱማ ለቋል። በስልክ ነው ያዘዘኝ።

እትዬ ዘርፌ፦ ጎበዝ! ለመሆኑ የተረጋገጠ ነገር ነው ወይስ ወሬ?

እንዳለማው፦ ሰዎቻቸው መጥተው አይተውናል፤ ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ?

እትዬ ዘርፌ፦ ማሽኖቹን አዩ?

እንዳለማው፦ ማሽኖቹ ያሉበት እንኳ አልገቡም። ግቢውን በሜትር ለኩ፤ በሩንም ለኩ። ትልቅ ማሽን ሊያስገቡ ነው።

እትዬ ዘርፌ፦ ወይም ትልቅ መኪና።

እንዳለማው፦ ማሽኑን የሚያመጣው መኪና አይደል?

እትዬ ዘርፌ፦ ልክ ነህ፤ የሚወስደውም እሱው ነው። እናንተንስ አናገሯችሁ?

እንዳለማው፦ እኔን ብቻ! «የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ሲሉ «እኔ ጋ» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን!

እትዬ ዘርፌ፦ ስምህን ጠየቁህ?

እንዳለማው፦ ቁልፉን ተቀበሉኝ።

እትዬ ዘርፌ፦ መለሱልህ?

እንዳለማው፦ ነገ ይዘውት ይመጣሉ።

እትዬ ዘርፌ፦ ያ መርካቶ ሬዲዮ የሚጠግነው ሰውዬ፣ «ና አብረን እንሥራ» ያለህ፣ ምን ብለህ መለስክለት?

እንዳለማው፦ «እኔ የትልቅ ድርጅት ሰው ልሆን ነው፤ የሬዲዮ ክዳን ስፈታ አልውልም» አልኩት። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ቀጠረ።

እትዬ ዘርፌ፦ ይህንኑ ቃል በቃል አልከው?

እንዳለማው፦ ከዚህም የባሰ ነው ያልኩት። ምነው እትዬ? ምን ሰምተው ነው?

እትዬ ዘርፌ፦ የእህቴ ልጅ ጮራ ቤት ሹፌር ነው። እሁድ ምሳ ሊበላ መጥቶ ነበር። ግቢያችሁን የፈለጉት ለመኪና ማቆሚያ ነው አለ። ማሽኖቹን ብረት ለሚያቀልጥ ሸጠዋቸዋል።

እንዳለማው፦ ሠራተኛውስ?

እትዬ ዘርፌ፦ ስለ ሠራተኛ የተነሳ ነገር የለም። በሩ ግን ይፈርሳል፤ ጠቧቸዋል።

እንዳለማው፦ ሹፌር ምን ያውቃል!

እትዬ ዘርፌ፦ የት እንደሚያቆም ያውቃላ።

እንዳለማው፦ አልሰማሁም። እርስዎም አልነገሩኝ፣ እኔም አልሰማሁ። ሠራተኛው አዋጥቶ በግ ገዝቷል፤ የግቢውን ግንብ ኖራ ቀብተናል። አሁን ሄጄ ምን ልበላቸው? ድንኳኑን ይስጡኝና ልሂድ።

እትዬ ዘርፌ፦ የእድሩን ደንብ ታውቀዋለህ። ለሠርግ የለም፣ ለልደት የለም። የመቶ አለቃ ጓንጉል ለልጃቸው ምርቃት እዚችው ደጃፍ ቆመው ለምነውኝ፣ ባዶ እጃቸውን ነው የመለስኳቸው። ይህ ድንኳን ሰው ሲሞት ካልሆነ ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

እንዳለማው፦ በቃ፣ ይከለክሉኛል ማለት ነው?

እትዬ ዘርፌ፦ መቼ ከለከልኩህ? ና፣ የድንኳኑን ብረት በዚያ ጫፍ ያዝ።