በርበሬ የሚያልፍበት ግድግዳ

በቡሬ ከተማ፣ በአንድ የጣውላ ግድግዳ ለሁለት በተከፈለ ቤት፤ ባለወፍጮዋ እትዬ የሺመቤት ጎረቤታቸው የግዛቸው ፀጉር ቤት ውስጥ ቆመዋል፤ ሽማግሌዎች ደጅ ላይ መልስ ይጠብቃሉ።

ግዛቸው፦ ደንበኛዬን ጋሽ አጥናፉን ያስነጠሳቸው የእርስዎ በርበሬ ነው። ምላጩ አገጫቸው ላይ እያለ አስነጠሱ፣ ተቆረጡ። ሌላ ታሪክ የለውም።

የሺመቤት፦ አለው እንጂ! ያን ሰዓት የምፈጨው ሽሮ ነበር። አንተ ኳስ ስታይ እጅህ ሳተ።

ግዛቸው፦ ሽሮ ነው እኔንም ያስለቀሰኝ?

የሺመቤት፦ ቡድንህ ተሸንፎ ይሆናል።

ግዛቸው፦ ይቀልዱ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው ጢሙን አላስነካኝም።

የሺመቤት፦ እሺ፣ በርበሬ ይሁን። ሽማግሌዎቹ እንኳ ማን አጠፋ የሚለውን ትተውታል። ማን ቢለቅ ጉዳቱ ያንሳል ነው የሚሉት። ወፍጮው ቢቆም ሰፈሩ በሙሉ ይቸገራል፤ አንተ ብትለቅ የሚጎዳው አንድ ሰው ነው።

ግዛቸው፦ አንዱ ሰው እኔ ነኛ!

የሺመቤት፦ ለዚያም ካሳ አስይዣለሁ፤ እነሱ ጋ ነው። የስድስት ወር ገቢህ ቀላል ነው?

ግዛቸው፦ ገበያው አጠገብ ኪራዩ ሦስት እጥፍ ነው። ካሳዎ ክረምት ሳይገባ ያልቃል። ከዚያ ወንበሬን ተሸክሜ የት ልቁም? ለምን ጠዋት አይፈጩትም? የኔ ሰው የሚመጣው ከሥራ ሲወጣ ነው።

የሺመቤት፦ ጠዋት? ሴቶቹ ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ ሲንኮሻኮሽ ነው የሚያመጡልኝ። ያደረ በርበሬ እርጥበት ይዞ ድንጋዩ ላይ ይለጠፋል። ደግሞ ጠዋት በርበሬ ፈጭቼ ከሰዓት የማንን ጤፍ ላቃጥል? በርበሬ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።

ግዛቸው፦ እርስዎ ሰዓት አይቀይሩ፣ እኔ ቦታ አልቀይር። ተቆላልፈን ቀረን።

የሺመቤት፦ ግድግዳውን ድፈን ብዬህ አልነበር?

ግዛቸው፦ ስንጥቁን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ደፍኜዋለሁ። ብናኙ በበሩ ይገባል። በሩን ስዘጋ ደግሞ ደንበኛው የለም ብሎ ያልፋል።

የሺመቤት፦ በል ሰዎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው። ምን ልበላቸው?

ግዛቸው፦ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ጉዳቱን ሲያሰሉ የእርስዎን ደረት አስገብተዋል?

የሺመቤት፦ የኔን ምን?

ግዛቸው፦ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ ሳልዎ ነው። እዚሁ እኮ ነው የምተኛው። አምና እንዲህ አልነበረም። እኔ ብለቅ ሳሉ አብሮኝ አይለቅም።

የሺመቤት፦ ልጄ ነግራህ ነው?

ግዛቸው፦ ግድግዳው ነው የነገረኝ።

የሺመቤት፦ እና ልተወው? የወፍጮውን መብራት የሚከፍለው በርበሬ ነው። ጤፍ ብቻውን አያኖረኝም።

ግዛቸው፦ ይተዉት አላልኩም። ግን በየቀኑ ነው መፈጨት ያለበት?

የሺመቤት፦ ያመጣችው ሁሉ ዛሬውኑ ነው የምትለው። እምቢ ካልኳት ታችኛው ወፍጮ ትሄዳለች።

ግዛቸው፦ ታችኛው እንደ እርስዎ አልሞ አይፈጨውም። ትመለሳለች።

የሺመቤት፦ ደግሞ ማሞገስ ጀመርክ!

ግዛቸው፦ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ይፍጩት፤ እኔ በእነዚያ ቀናት ከሰዓት እዘጋለሁ። የዚያን የቀረብኝን ይክፈሉኝ፣ የስድስት ወሩን ይተዉት።

የሺመቤት፦ በሌላው ቀን እኔ የሚቀርብኝንስ ማን ይከፍለኛል?

ግዛቸው፦ ማንም። ይተነፍሳሉ።

የሺመቤት፦ አይ አንተ! ዞር በል እስቲ ከበሩ። አባቶቼ፣ ስሙኝማ! ያስያዝኩትን ካሳ መልሱልኝ፣ ግዛቸው አይለቅም። ከነገ ጀምሮ በርበሬ የምፈጨው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው፤ በሌላ ቀን የመጣች፣ እህቴም ብትሆን፣ እንደተሸከመች ትመለሳለች!