ተረካቢ ያጣ ጭነት

— ሄሎ... ሄሎ! ማን ልበል?... ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ! ቁጥርህ ከስልኬ ከጠፋ ቆይቷል፤ ምን እዋሻለሁ።

— "ሰውዬ፣ አለህ ወይ?" ተብሎ ነው ታላቅ ወንድም የሚጠየቀው?... አለሁ። ሐኪም ቤት ተኝቻለሁ፤ ደረቴ ላይ አምስት ሽቦ ለጥፈውብኛል... ሚስቴ ናት የነገረችህ? እሷ እኮ ወሬ አያድርባትም!

— የመቀስ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሥራ ላይ ነህ?... ደንበኛው ይጠብቅ! ግማሽ ራሱን ተላጭቶ የት ይሄዳል?

— አወዳደቄን ልንገርህ፣ ግን እንዳትስቅ። መሥሪያ ቤት ሊፍት የሚጠብቁ ሰዎች ተኮልኩለዋል። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ያ ወፍራሙ፣ ከፊት ቆሟል። "እግር ለምን ተፈጠረ? ቅባቱን አቅልጠው እንጂ!" አልኩትና ደረጃውን በሩጫ ተያያዝኩት... አዎ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ። አራተኛው ፎቅ ላይ ደረቴ ላይ ተሳቢ መኪና የቆመብኝ መሰለኝና ቁጭ! ሊፍቱ ሲከፈት ማን ቢወጣ ጥሩ ነው?... እሱው! ተሸክሞ ያወረደኝም እሱ ነው። ትንፋሹ እንኳ ቁርጥ ቁርጥ አላለም።

— ሳቅ፣ ሳቅ... ይገባኛል። አሥር ዓመት ሙሉ የእንቁላል አስኳል እያወጣሁ ስጥል፣ የሰው ሳህን እያየሁ ስሰብክ ኖሬ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።

— የልቤን ደም ሥር የደፈነው ኮሌስትሮል ነው አሉኝ... አዎ፣ የእኔን! እኔም እንዳንተው ነው ያልኩት። "ዶክተር፣ የሌላ ሰው ደም ተቀላቅሎባችሁ ነው" ብዬ ተቆጣኋት።

— አትቸኩል፣ በራሴው ሥራ ነው ያስረዳችኝ። እኔ መኪና አሰማራለሁ አይደል? ኮሌስትሮልም ደም ውስጥ ብቻውን አይሄድም፣ ተጭኖ ነው የሚዞረው። የተረፈውን ጉበት በሩን ከፍቶ ይረከባል። የእኔ ጉበት ግን ከተፈጥሮው የበሮቹ ግማሽ አይሠራም! መኪናው ጭነቱን እንደያዘ ይዞራል፣ ይዞራል... ተረካቢ የለም። በመጨረሻ የት ያራግፋል?... መንገድ ዳር፣ ጎበዝ! የደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ። እዚያ ይከማቻል፣ ያብጣል፣ መንገዱ ይጠባል። ሃያ ዓመት ስምሪት ክፍል ተቀምጬ ሆዴ ውስጥ እንዲህ ያለ ስምሪት!

— እሺ ሲስተር፣ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ... ወንድሜ ነው... የለም፣ አላናደደኝም። እስካሁን።

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... አዎ፣ አስኳሉማ በከንቱ ሄደ። "መጠንቀቅዎ ጥሩ ነው፤ ይሄ ግን ከወላጅ የሚመጣ ነው፣ ክኒን ያስፈልግዎታል" አለችኝ። ከዚያ ዓይኔን ቀረብ ብላ አየችና፣ "እዚህ የዓይንዎ ቆብ ላይ ያለው ቢጫ እብጠት፣ ከቤተሰብ ሌላ ማን ነበረው?" ብላ ጠየቀችኝ።

— አዎ... አባባ። "የረጅም ዕድሜ ምልክት ነው" እያለ ሲያሳየን የነበረው። በአርባ ስድስት ዓመቱ ሄደ።

— ቆይ... መስታወት ፊት ነህ አይደል? ጠጋ በልና አንድ ዓይንህን ጨፈን አድርግ። ከአፍንጫህ በኩል፣ ቆቡ ላይ... ደንበኛውን ተወው፣ ራስህን እይ!... አለ?

— ... በሁለቱም?

— አትደንግጥ። ምርመራ አለው፣ ክኒን አለው። እኔ ደረጃ ሮጬ ያወቅኩትን አንተ ቆመህ በመስታወት አወቅክ፤ ድሮም ዕድለኛ ነህ። ልጆችህንም አስመርምር። ከሁለት ልጅ አንዱ ሊወርሰው ይችላል ብለውኛል። የእኔዋን ልጅ ሰኞ እናስመረምራታለን... አዎ፣ ፈርቻለሁ። ሩጫ ነው የምትወደው፣ እንደኔ።

— ሌላም ነገር አለ። ዝም ብለህ ስማኝ... ያን ጊዜ "ትምህርቴን ትቼ ፀጉር አስተካካይ እሆናለሁ" ብለህ ከአባባ ጋር ተጣልታችሁ፣ በማግስቱ ልቡ ድንገት ቆሞ ሲሞት... ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ ፊት፣ "አንተ ነህ የገደልከው" ያልኩህ... እንዴትስ ትረሳዋለህ።

— ሐኪሟን ጠየቅኳት። "የአባትዎ የደም ሥር በአንድ ቀን ጠብ አይደፈንም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጠራቀም የኖረ ነው" አለችኝ። አንተ ሳትወለድ የጀመረ ነገር ነው። አንተ ምንም አላደረግክም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሐሰት ያሸከምኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።

— ሄሎ?... የመኪና ድምፅ ይሰማኛል... ወደ ደጅ ወጣህ እንዴ?

— እሺ... እሺ፣ አይዞህ። እጠብቅሃለሁ።

— ምን አልከኝ?... ድገመው እስቲ... "ጋሼ"? "ሰውዬ" ቀረ ማለት ነው?

— የለም ሲስተር፣ ምንም አልሆንኩም! ማሽኑ ነው ዝም ብሎ የሚጮኸው... ኧረ ስልኩን እዘጋለሁ!

— ስማ፣ ስልኩን ሊቀሙኝ ነው። ነገ ጠዋት እዚሁ ና፣ ደምህን ያዩልሃል። ምንም ሳትቀምስ... እና መላጫህን ያዝ። ጢሜ አድጓል... የሚላጨኝ ሌላ ሰውማ ሞልቷል፤ አንድ ቀን እንኳ ወንበርህ ላይ ተቀምጬ አላውቅም እኮ... እሺ። በል ደንበኛውን ጨርስለት፣ ደህና ዋል።