ስም የሌለው ብልቃጥ

(በአንድ የኃይል ማመንጫ ግድብ ሠራተኞች መኖሪያ፣ እሁድ ረፋድ ላይ፤ እታፈራሁ ከባሏ ከላቀው የሥራ ቦርሳ ያገኘችውን የክኒን ብልቃጥ ይዛ ፊቱ ቆማለች።)

እታፈራሁ፦ አታድበስብስ! ምንድነው ይሄ?

ላቀው፦ ቪታሚን ነው አልኩሽ እኮ። ሲ እና ኢ።

እታፈራሁ፦ ቪታሚን ስም የለውም? «14» ብቻ ነው የተጻፈበት። ምን ዓይነት በሽታ ቢሆን ነው እንዲህ የሚደበቀው?

ላቀው፦ ኧረ በማርያም! ምንም በሽታ የለብኝም። አሥራ አራት የኔ ቁጥር ነው። ጥናት ላይ ነኝ።

እታፈራሁ፦ ንብረት ክፍል ቁጭ ብሎ ብሎን የሚቆጥር ሰው ምኑ ነው የሚጠናው?

ላቀው፦ የደም ሥሬ።

እታፈራሁ፦ ብሎን መቁጠር የደም ሥር ይጎዳል እንዴ?

ላቀው፦ ያው... ከከተማ የመጣች ዶክተር ናት። ለግማሾቻችን እውነተኛውን ቪታሚን፣ ለግማሾቻችን ምንም የሌለበትን ትሰጣለች።

እታፈራሁ፦ ላንተ የትኛው ደረሰህ?

ላቀው፦ አላውቅም።

እታፈራሁ፦ እሷስ?

ላቀው፦ እሷም አታውቅም። ጥናቱ እስኪያልቅ እንዳይታወቅ ተብሎ ነው።

እታፈራሁ፦ ጉድ እኮ ነው! ሰጪዋም አታውቅ፣ ዋጩም አያውቅ! ይሄን ነው እመኚ የምትለኝ? እሺ፣ ቦርሳህ ውስጥ ያለው «9» የሚለው ባዶ ብልቃጥስ የማን ነው?

ላቀው፦ የጓደኛዬ የባዩ ነው። የሁለታችንን አቀላቅለን እኩል ተካፈልነው።

እታፈራሁ፦ የሰው መድኃኒት? አብደሃል?

ላቀው፦ ምን ላድርግ ታዲያ? የኔ እውነተኛው ሆኖ የሱ ባዶ ቢሆንስ? ታች አየር ቢያልቅበት ከኔው ነው ተቀብሎ የሚተነፍሰው። አየር የሚካፈል ሰው በክኒን ይሰስታል?

እታፈራሁ፦ ታች የት?

ላቀው፦ በቃ፣ ብልቃጡን አምጪው።

እታፈራሁ፦ ላቀው! ታች የት ነው?

ላቀው፦ እታፌ፣ ቀስ በይና...

እታፈራሁ፦ ውሃ ውስጥ ትገባለህ! ሁለተኛ አልጠልቅም ብለህ በልጆችህ ምለህልኝ! ንብረት ክፍል ተዛወርኩ ብለኸኝ! እኔ ሞኟ ደግሞ «ዛሬ ሥራ እንዴት ዋለ?» እያልኩ ስጠይቅህ...

ላቀው፦ እንደገና መጥለቅ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። የውሃ መግቢያው በአረም ሲዘጋ ከኔና ከባዩ ሌላ ማን ይገባል? ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ታች ስሆን ነው ሰው የምሆነው። ብሎን ስቆጥር ልሞት ነው።

እታፈራሁ፦ ብሎን ሲቆጥር የሞተ ሰው አላየሁም። ከውሃ ወጥቶ እግሩ የከዳው ግን አይቻለሁ።

ላቀው፦ እሱ አለፈ። ጥናቱ እኮ ለኛው ነው። ጠልቀን ስንወጣ የደም ሥራችን እንደ በፊቱ አይለጠጥም። ቪታሚኑ ይረዳ እንደሆነ ነው የምታየው። ክንዴን አስራ ትቆይና፣ ስትፈታው የደም ሥሬ ምን ያህል እንደሚለጠጥ በማሽን ታያለች።

እታፈራሁ፦ «ይረዳ እንደሆነ»? እንደሚረዳ አልተረጋገጠም ማለት ነው?

ላቀው፦ ለዚያ አይደል የሚጠናው! ደግሞ ዝም ብላ አልወሰደችኝም። ከውሃ ወጥቶ የታመመ ሰው አትቀበልም፤ ጭራሽ ከሥራውም ታስወጣዋለች። እኔን ጤነኛ ነህ ብላ ነው የፈረመችልኝ።

እታፈራሁ፦ በምን አወቀች?

ላቀው፦ ጠይቃኝ ነዋ።

እታፈራሁ፦ ምን ብላ?

ላቀው፦ «ጠልቀህ ከወጣህ በኋላ ታመህ ታውቃለህ?» ብላ።

እታፈራሁ፦ አንተስ?

ላቀው፦ «በጭራሽ» አልኳት። እውነቱን ብነግራት ሁለተኛ ውሃ አልነካም፣ እታፌ። ነገ የጠላቂዎቹን ሚስቶች ልታነጋግር ትመጣለች። እባክሽ፣ አንቺም «በጭራሽ» በያት።

እታፈራሁ፦ እሺ፣ እላታለሁ። ብቻ አንተ መጀመሪያ ንገረኝ፦ አምና ሦስት ሳምንት ሙሉ በጀርባዬ አዝዬ ሽንት ቤት ያመላለስኩት ማንን ነበር?