ድንቄም አንባቢ!

የሱሪያቸው ዚፕ ባይበላሽ ኖሮ አዛውንቱ አራሚ ሱሪውን አንጠልጥለው ወደዚያች ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ባልገቡም ነበር። ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት የሰው ስህተት ሲለቅሙ ኖረው ጡረታ ቢወጡም እጃቸው አላረፈም። መጻሕፍትን በድምፅ እየቀዱ ለዓይነ ስውራን በኢንተርኔት በነጻ በሚያደርሱ በጎ ፈቃደኞች ቡድን ውስጥ «አራት ነጥብ» በሚል ስም ንባብ ያርማሉ። ዓይነ ስውር እህታቸውም ከአድማጮቹ አንዷ ናቸው፤ ሰሞኑን ግን አኩርፈዋል። የሚወዱት የመርከበኛው ታሪክ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ከቆመ ወር አልፎታል፤ አንባቢዋ ድምጿን አጥፍታለች።

«ይቀመጡ አባባ፣ አሁን እሠራልዎታለሁ» አለች ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

አራሚው ክው አሉ። ያ ድምፅ!

«ልጄ፣ የመርከበኛውን ታሪክ የምታነቢው አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ነበርኩ። ያውቁታል?»

«እህቴ ታዳምጣለች። አሥረኛው ምዕራፍ የት ደረሰ እያለች መውጫ መግቢያ አሳጣችኝ። ምነው ተውሽው?»

«በአክብሮት ተነጋገሩ፣ ስህተት ስታገኙ ለሰውየው ለብቻው ንገሩ የሚል ደንብ እናውጣ ብዬ ነበር። የሰማኝ የለም።»

አራሚው አስታወሱ። ሐሳቡን ከሁሉ አስቀድመው የተቃወሙት እሳቸው ነበሩ፤ አሁንም እጅ አልሰጡም።

«አትቀየሚኝና፣ ለበጎ ፈቃደኛ ደንብ ምን ይሠራለታል? ማንም ሳያስገድደው የሚለፋን ሰው ‹ጨዋ ሁን› ማለት፣ ባለጌ ነህ እንደማለት ነው።»

«ማንም ስለማያስገድደውማ ነው አባባ! ደመወዝተኛ ቢከፋውም ለእንጀራው ሲል ይችላል። እኛን የሚያቆየን ደስታችን ብቻ ነው፤ እሱ ከሄደ ምን ቀረን?»

«እሺ፣ ይሁን። ግን ሰው ቀልድና ስድብ መለየት ያቅተዋል?»

«እዚህ ሆነው ቢቀልዱብኝ ፊትዎን አይቼ እስቃለሁ። እዚያ ፊት የለም፤ ፊደል ብቻ ነው። እኔ ‹መርከበኛው ዋና አያውቅም› የሚለውን ሳነብ ‹ዋና›ን አጠበቅኩት።»

መዋኘት የማይችለው መርከበኛ ዋናውን ጉዳይ የማያውቅ ሆኖ ቁጭ አለ! ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ።

«ከዚያ አንዱ፣ ሁለት መቶ ሰው በሚያየው ገጽ ላይ፣ ‹ድንቄም አንባቢ! ማጥበቅና ማላላት ሳትለዪ ማይክ ጨበጥሽ?› ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ማይኩን አንስቼ አላውቅም።»

የአራሚው ሳቅ ቀጥ አለ። ድንቄም! በማተሚያ ቤት «ድንቄም አራሚ!» እየተባባሉ ሻይ ይጠጡ ነበር። ይህቺንም ፈገግ ብለው ነው የጻፏት፤ ፈገግታው ግን ከቃሉ ጋር አልደረሰም። አፈሩ፤ ከልባቸው አፈሩ።

«ልጄ... ያንን የጻፍኩት አራት ነጥብ እኔ ነኝ።»

መኪናው ቆመ።

«እርስዎ?»

«እኔው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ደንብ ለባለጌ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንደኔ ጨዋ ነኝ ብሎ ለሚተማመነውም ኖሯል!»

ሰፊዋ ዚፑን ከፍታ ዘግታ ሞከረችና ሱሪውን አቀበለቻቸው።

«እንግዲያው ደንቡን እርስዎ ይጻፉ፤ አሥረኛውን እኔ አነባለሁ።»

በዚያው ሳምንት ደንቡ ወጣ። ስህተት በግል፣ ከምስጋና ጋር ይነገራል፤ የተቀየመ ሰው አቤት የሚልላቸው ሁለት ሽማግሌዎችም ተመረጡ። አኩርፈው የነበሩ አንባቢዎች ተመለሱ፤ ስህተት እንኳ ቀነሰ፤ ሰው ሳይሸማቀቅ ሲነገረው ቶሎ ያርማልና። እህትየው አሥረኛውን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ አዳመጡ።

ለአራሚውም አንድ መልእክት በግል ደረሳቸው፦ «ጋሼ አራት ነጥብ፣ ስለ ደንቡ ከልብ እናመሰግናለን። ‹አክብሮት› በሚለው ቃል ላይ ግን ‹ብ› አምልጣዎታለች።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩ። እውነትም «አክሮት» ይላል።

«ድንቄም አራሚ!» አሉ ጮክ ብለው፣ እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ። በራስ ላይ መሳቅን ደንቡ አልከለከለም።